ጂግለር ምንድን ነው?

ለዓመታት ቆሞ የከረመ ሞተር ሳይክል በስንት እርግጫ ከተነሣ በኋላ አንድ የታወቀ ጠባይ ያሳያል። ቾኩ (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ የሚሳበው) ተስቦ ሳለ ይሠራል፤ ቾኩ ሲመለስ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንተፋትፎ ይጠፋል። ነዳጅ ሲሰጡት እየጮኸ ይሄዳል፤ እጅ ሲለቁት ግን ሚኒሞ አይዝም፤ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጡት በቁሙ መሥራት አይችልም። ባለቤቱ መጀመሪያ ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ይቀይራል፣ ቀጥሎ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልከውን ኮይል ይጠረጥራል፣ በመጨረሻ ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉበትን ካርቡራተር ሙሉውን ለመግዛት ገንዘብ ይቆጥራል። ጥፋተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ጣት መካከል ተይዞ የሚሰወር የናስ ቁራጭ ነው፤ ጂግለር ይሉታል።

ጂግለር መሐሉ የተበሳ ትንሽ ብሎን ነው። ስሙ ሥሩ ፈረንሳይኛ ነው፤ እንደ ካንዴላና እንደ ማርሚታ ሁሉ ግን ጋራዥ ገብቶ የእኛ ከሆነ ቆይቷል። ሥራው መመጠን ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ በካርቡራተሩ ጉሮሮ ውስጥ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ያኔ ቤንዚኑ ከሥር ካለችው ማቆሪያ ሳህን በጂግለሩ ቀዳዳ ተስቦ ይወጣና ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። 1 ግራም ቤንዚን ተሟልቶ ለመንደድ ወደ 14.7 ግራም አየር ይፈልጋል። በአሮጌ ሞተር ላይ ይህን ሒሳብ የሚጠብቅ ኮምፒውተር የለም፤ ያለው ቀዳዳ ብቻ ነው።

ጂግለሩ ደግሞ አንድ አይደለም። ትልቁ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ሲሰጥ ይሠራል፤ መሐል ላይ ያለውን ከፍ ዝቅ የምትል ሾጣጣ መርፌ ትቆጣጠረዋለች። ትንሹ፣ የሚኒሞው ጂግለር፣ ሞተሩ በቁሙ ሲሠራና እጀታው ገና መዞር ሲጀምር የሚያስፈልገውን ያቀርባል። የእርሱ ቀዳዳ በትናንሽ ሞተሮች ላይ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ነው። ስለዚህ ሩጫ ላይ ደህና ሆኖ ቆሞ የሚታነቅ ሞተር ራሱ ጣቱን ወደ ትንሹ ጂግለር እየቀሰረ ነው። ቾክ ሲሳብ የሚሻለውም አየሩ ስለሚቀንስለት ወይም ቤንዚን በሌላ መንገድ ስለሚጨመርለት ነው፤ በሌላ አነጋገር ተርቧል።

ለምን ይደፈናል? ቤንዚን አንድ ፈሳሽ አይደለም፤ የብዙ ነገሮች ድብልቅ ነው። ሲቆም ቀላሉ ይተናል፤ የቀረው ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይወፍራል፣ ከዚያ እንደ ሙጫ ይደርቃል። ሽታው ራሱ ይለወጣል፤ የቆየ ቀለም እንጂ ቤንዚን አይሸትም። ኤታኖል የሚባለው አልኮል የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል አዲስ አበባ ውስጥ ከቤንዚን ጋር መደባለቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

አጎቴ በሥራው ምክንያት ገጠር ለገጠር የሚዞርባት ያማሃ ኤጂ 100 ነበረችው፤ ለእርሻ ሥራ ተብላ የተሠራች፣ ፊትና ኋላዋ ዕቃ መጫኛ ያላት፣ ሰንሰለቷ በሽፋን የተጋረደ። ጡረታ ሲወጣ ጓሮ ቆርቆሮ ሥር ስድስት ክረምት ከረመች። የካርቡራተሩን ሳህን ስፈታ ከታች የደረቀ ማር የመሰለ ነገር ተጋግሮ አገኘሁ። የሚኒሞውን ጂግለር በካቻቪቴ አውጥቼ ወደ ፀሐይ ባቀናው ብርሃን አያሳልፍም። እኔም ከእናቴ የስፌት ዕቃ መርፌ አምጥቼ ወጋሁት። ተከፈተ! ሞተሯም ሚኒሞ ያዘች፤ ግን ጭስ በጭስ ሆነች፣ በሳምንቱም ካንዴላዋ ጥላሸት ለበሰ።

ሰፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጂግለሩን ተቀብለው በማጉያ መነጽር አዩትና «ልጄ፣ በምን ነካኸው?» አሉኝ። በመርፌ መሆኑን ስነግራቸው ዝም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። የመርፌ ብረት ከናስ ይጠነክራል፤ ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን ጂግለሩንም ይፍቃል። ቀዳዳው ከ0.30 ወደ 0.33 ሚሊሜትር ቢሰፋ ዓይን አይለየውም፤ የክቡ የገጽ ስፋት ግን በ21 በመቶ ይጨምራል፤ ቤንዚኑም ስለሚበዛ ሞተሩ ያጨሳል። የተደፈነ ጂግለር ይጸዳል፤ የሰፋ ግን አይጠብም። ሽማግሌው የሚጠቀሙት የካርቡራተር ማጽጃ ፈሳሽና የኮምፕረሰር አየር ነው፤ እምቢ ካለ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር መዝዘው ያሳልፉበታል። መዳቧ ለስላሳ ስለሆነች ጂግለሩን አትጎዳም።

ጂግለር ብቻ አጽድቶ አሮጌውን ቤንዚን እዚያው መተው ግን ልፋት ነው፤ ጋኑ ውስጥ ያለው ዝገትና ዝቃጭ በሳምንቱ ተመልሶ ይደፍነዋል። ደግሞ ጂግለሩ ብርሃን እያሳለፈ ሞተሩ አሁንም ከተራበ፣ አየር በሌላ በኩል እየገባ ሊሆን ይችላል። ካርቡራተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እንደ ኤጂ 100 ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ የማዞሪያው ዘንግ ጎማዎችም በመቆም ብዛት ይደድሩና አየር ያስገባሉ። ያን ጊዜ ጂግለሩን አሥር ጊዜ ማጠብ ዋጋ የለውም።

የአጎቴ ሞተር አዲስ ጂግለር ገባላት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይሄድባታል። ሲመለስ የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግቶ፣ ሳህኑ ውስጥ የቀረውን ጨርሳ ራሷ እስክትጠፋ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።