ከአሲድና ከካርቦኔት የሚወጣውን ጋዝ ማስላት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አንድ ሞል ጋዝ ምንጊዜም 22.4 ሊትር ነው»

ተማሪን ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ይህ ነው። (ሞል የቅንጣቶችን ብዛት የምንቆጥርበት መለኪያ ነው።) ቁጥሩ የሚሠራው ሙቀቱ 0 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ግፊቱ 101.3 ኪሎፓስካል ሲሆን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ወደ 77 ኪሎፓስካል ዝቅ ይላል። በ20 ዲግሪ ሙቀት እዚያ አንድ ሞል ጋዝ 31.6 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ከ22.4 በ40 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ይህ ልዩነት በቸልታ የሚታለፍ አይደለም! ጥያቄው 22.4ን ተጠቀሙ ካለ ተጠቀሙበት። ላብራቶሪ ውስጥ ግን ባሮሜትሩንና ቴርሞሜትሩን አንብቡ። ከዚያ የሞሉን ቁጥር በ8.314 (የጋዝ ቋሚ ቁጥር) እና በኬልቪን ሙቀቱ (ሴልሺየሱ ላይ 273 ተደምሮ) አባዙ፤ ውጤቱን በኪሎፓስካል ግፊቱ ስታካፍሉት መልሱ በሊትር ይመጣል።

«የካርቦኔቱን ክብደት ካወቅን ይበቃል»

አይበቃም። 5 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ላይ 50 ሚሊሊትር የ1 ሞላር (በሊትር 1 ሞል ያለበት) ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨመርን እንበል። ሁለቱም 0.05 ሞል ናቸው፤ ብዙዎች እዚህ ላይ «እኩል ናቸው» ብለው 0.05 ሞል ጋዝ ይጽፋሉ። ነገር ግን አንድ ሞል ካልሲየም ካርቦኔት ሁለት ሞል አሲድ ይፈልጋል። ስለዚህ አሲዱ ቀድሞ ያልቃል፣ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም 0.025 ሞል ብቻ ነው፤ በአዲስ አበባው ሁኔታ 790 ሚሊሊትር ገደማ። መፍላቱ ሲያበቃ ብርጭቆው ሥር ነጭ ዝቃጭ ታያላችሁ፤ አሲድ ያጣው 2.5 ግራም ካርቦኔት ነው።

«ዱቄት ከእብነ በረድ ቁራጭ የበለጠ ጋዝ ይሰጣል»

እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ዱቄቱ ቶሎ ይሰጣል እንጂ የበለጠ አይሰጥም። ክብደታቸውና ንጽሕናቸው እኩል ከሆነ፣ አሲዱም ከበቃቸው፣ የመጨረሻው መጠን አንድ ነው።

«የትኛውም አሲድ ያው ነው»

በወረቀት ላይ 1 ሞል ሰልፈሪክ አሲድ 1 ሞል ጋዝ ያወጣል። በተግባር ግን በደንብ የማይሟሟ ካልሲየም ሰልፌት የእብነ በረዱን ገጽ ይሸፍነዋል፤ ሥራው ሳያልቅ አረፋው ይቆማል። ለዚህ ሙከራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ምረጡ።

«በውሃ ላይ የሰበሰብነው ጋዝ ካነሰ ስሌቱ ስህተት ነው»

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። በባሕር ጠለል ግፊት፣ በ20 ዲግሪ፣ 1 ሊትር ውሃ ወደ 0.9 ሊትር የሚጠጋ ጋዝ መያዝ ይችላል። በጋዝ ሲሪንጅ መሰብሰብ ይሻላል። ሲሪንጅ ከሌለ የመሰብሰቢያውን ውሃ አስቀድማችሁ በዚሁ ጋዝ አጥግቡት።