የ2007ቱ የበርክሌይ ፉትቦል ቡድን፦ ከ2ኛ ደረጃ እስከ 7 ድልና 6 ሽንፈት

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የፉትቦል ቡድን፣ በቅጽል ስሙ ጎልደን ቤርስ፣ በአጭሩ ደግሞ ካል፣ የ2007ን የውድድር ዘመን በአምስት ተከታታይ ድል ጀመረ። በኦክቶበር የመጀመሪያ ሳምንት በአሶሺየትድ ፕሬስ አገር አቀፍ ሰንጠረዥ 2ኛ ሆነ። ከዚያ በኋላ ከቀሩት ሰባት መደበኛ ጨዋታዎች ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው። (ፉትቦል የምንለው የራስ ቁር ተደርጎ፣ ሞላላዋ ኳስ በእጅ ተይዛ የሚጫወቱትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ነው፤ ቀኖቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አሰልጣኙ ጄፍ ቴድፎርድ ቡድኑን የተረከበው በ2002 ነበር። ካል ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 11 ጨዋታ አድርጎ አንድ ብቻ ነው ያሸነፈው። በ2006 ግን 10 አሸንፎ 3 ተሸነፈ፤ የምዕራብ ጠረፍ ዩኒቨርሲቲዎች ይወዳደሩበት የነበረውን የፓሲፊክ 10 ሊግ ዋንጫም ከደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭሩ ከዩኤስሲ፣ ጋር ተጋራ። በ2007 ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪውና የማጥቃቱ መሪ፣ ኔት ሎንግሾር ነበር። ኳስ ይዞ የሚሮጠው ጀስቲን ፎርሴት ሲሆን፣ ከተቀባዮቹ መካከል ደግሞ ዴሾን ጃክሰን፣ ላቬል ሃውኪንስና ሮበርት ጆርዳን ነበሩ። በማጥቃት በኩል በሊጉ ይህን ያህል ፈጣን ተጫዋች የነበረው ቡድን ጥቂት ነው።

ሴፕቴምበር 1 በሜዳው ቴነሲን 45 ለ 31 አሸነፈ። ባለፈው ዓመት በቴነሲ ሜዳ 35 ለ 18 ተሸንፎ ስለነበር ብድሩን መለሰ ማለት ነው። መጀመሪያ ዛክ ፎሌት የቴነሲውን ኳርተርባክ ገጭቶ ኳሷን አስጣለው፤ ዎሬል ዊሊያምስም አንስቶ 44 ያርድ ሮጦ ነጥብ አደረጋት። ቀጥሎ ጃክሰን ባላጋራ በእግሩ አርቆ የመታትን ኳስ ተቀብሎ 77 ያርድ ሮጠ። ይህ ምት ፐንት ይባላል፤ በተሰጠው ሙከራ 10 ያርድ መራመድ ያቃተው ቡድን ኳሱን የሚያስረክብበት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ተጋጣሚዎች ፐንታቸውን ከጃክሰን ማራቅ ስለመረጡ፣ በዚያ ዓመት በፐንት ያስቆጠረው ያንኑ አንዱን ብቻ ሆነ።

ቀጣዮቹ ሦስት ድሎች እኩል አይመዘኑም። ሉዊዚያና ቴክ 42 ለ 12፣ አሪዞና 45 ለ 27 ተሸነፉ። ኮሎራዶ ስቴት ግን የተሸነፈው 34 ለ 28 ነው፤ ያ ቡድን ዓመቱን የጨረሰው በ3 ድልና በ9 ሽንፈት መሆኑ ሲታሰብ የ6 ነጥብ ልዩነቱ የመከላከሉን ክፍተት ይናገር ነበር። ድል ሲደራረብ እንዲህ ያለውን የሚያይ አይገኝም።

አምስተኛው ድል ሴፕቴምበር 29 በኦሪገን ሜዳ 31 ለ 24 የተገኘው ነው። 16 ሰከንድ ሲቀር የኦሪገኑ ካሜሮን ኮልቪን ወደ ጎል መስመሩ እየተዘረጋ ሳለ ተገጨ፤ ኳሷም ከእጁ አምልጣ በጎሉ ክልል በኩል ወጣች። ደንቡ እንዲህ ያለችውን ኳስ ለተከላካዩ ይሰጣል። መስመሩን ይዟት አልፎ ቢሆን ኖሮ ኦሪገን በአንድ ተጨማሪ ምት አቻ ይሆን ነበር። ለካል ግን ዕድሉ ዋጋ ነበረው፤ ሎንግሾር በዚሁ ጨዋታ ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ።

ያ ዓመት በኮሌጅ ፉትቦል ታሪክ ትልልቆቹ ሳይጠበቅ የወደቁበት ነው። ኦክቶበር 6 ስታንፎርድ ዩኤስሲን 24 ለ 23 ሲያሸንፍ፣ በዚያ ሳምንት ያልተጫወተው ካል ወደ 2ኛ ከፍ አለ። ከ1951 ወዲህ እዚያ ደርሶ አያውቅም። ኦክቶበር 13 ደግሞ 1ኛው የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭሩ ኤልኤስዩ፣ በኬንታኪ በሦስተኛው ጭማሪ ሰዓት 43 ለ 37 ተረታ። በርክሌይ ላይ ኦሪገን ስቴትን (ከኦሪገን የተለየ ዩኒቨርሲቲ ነው) የገጠመው ካል ካሸነፈ አንደኝነቱ በእጁ ነበር።

ሎንግሾር ስላልዳነ በመጀመሪያ አሰላለፍ የገባው ኬቨን ራይሊ ነው፤ ጀማሪ ልጅ፣ ከዚያ በፊት ቋሚ ሆኖ ያልተጫወተ። ኦሪገን ስቴት 31 ለ 28 እየመራ፣ 14 ሰከንድ ሲቀር ካል ኳሱን 12 ያርድ ላይ ይዟል። በ3 ነጥብ ምት አቻ መሆን ይቻላል፤ አንድ ውርወራ መሞከርም ይቻላል። የሌለው ታይምአውት ነው፤ ሰዓት ማስቆሚያው አልቋል። በዚህ ጊዜ ለኳርተርባኩ የሚነገረው ትእዛዝ ቀላል ነው፦ ተቀባይ ካለ ወርውር፣ ከሌለ ኳሱን ከሜዳ ውጭ ጣለው። ማንም ያልያዛት ውርወራ ሰዓቱን ታስቆማለች፤ ሜዳ ውስጥ የተጣለ ሯጭ ግን አያስቆመውም። ራይሊ ተቀባይ ሲያጣ ክፍት ቦታ አይቶ ሮጠ፣ ጥቂት ያርድም ሳይሄድ ተጣለ። መቺዎቹ ገብተው ሳይሰለፉ ሰዓቱ አለቀ።

ውድቀቱን ሁሉ በዚያች ሩጫ ላይ መጫን ግን ትክክል አይደለም። አንድ ሽንፈት ያለበት ቡድን በዚያ ዓመት ገና ተስፋ ነበረው፤ ኤልኤስዩ በመጨረሻ ሻምፒዮን የሆነው ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ነው። ካልን የጎዳው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሎንግሾር እግሩ ሳይጠና ተመለሰ። ረጅም ውርወራ ጉልበቱን የሚያገኘው መሬት ከሚረግጠው እግር ነው፤ ቁርጭምጭሚት ሲያም ኳሷ ታጥራለች፣ ወይ ትዘገያለች፣ ተከላካዩም ይቀድማል። የሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ ዩሲኤልኤ በ2 ነጥብ እየመራ ሳለ አልተራውን ቨርነር የሎንግሾርን ኳስ ቀምቶ 76 ያርድ ሮጠ፤ ጨዋታው 30 ለ 21 አለቀ። ዩኤስሲ 24 ለ 17 ባሸነፈበት ቀንም የመጨረሻው ተስፋ የተቋረጠው በተነጠቀ ኳስ ነበር።

መሃል ላይ አሪዞና ስቴት 31 ለ 20 አሸነፈ፤ ካል ደግሞ ዋሽንግተን ስቴትን 20 ለ 17 እንደምንም ረታ። ከሁሉ ያሳፈረው የመጨረሻው ወር ነው። ዋሽንግተን 37 ለ 23 ያሸነፈው መከላከያውን በሩጫ እየበሳ ነበር። ዲሴምበር 1 ደግሞ አምስት ዓመት በተከታታይ የተሸነፈው ስታንፎርድ የጎረቤቶቹን ዓመታዊ ፍልሚያ 20 ለ 13 ወሰደ። ዋሽንግተን ዓመቱን በ4 ድልና በ9 ሽንፈት፣ ስታንፎርድ በ4 ድልና በ8 ሽንፈት፣ ዩሲኤልኤ በ6 ድልና በ7 ሽንፈት ጨረሱ። ካል ለዋንጫ ሲታሰብ የወደቀው በእነዚህ እጅ ነው፤ በሊጉ ካደረጋቸው 9 ጨዋታዎች ያሸነፈው 3ቱን ብቻ ሆነ።

በዚህ ሁሉ መሃል ያልተበገረው ፎርሴት ነው፤ በዓመቱ 1,546 ያርድ ሮጧል።

ስድስት ድል ለቦውል፣ ማለትም ለዓመቱ መዝጊያ የግብዣ ጨዋታ፣ ስለሚያበቃ ካል ዲሴምበር 31 ቴክሳስ ፎርት ወርዝ ላይ ከአየር ኃይል አካዳሚ ጋር ተጫወተ። አየር ኃይል 21 ለ 0 ሲመራ ቴድፎርድ ሎንግሾርን አስወጥቶ ራይሊን አስገባ። ልጁ ሦስት የታችዳውን፣ ማለትም በጎሉ ክልል ተይዘው ነጥብ የሆኑ፣ ኳሶች ወርውሮ 42 ለ 36 አሸነፈ፣ የጨዋታው ኮከብም ተባለ። ከሁለቱ ማን ቋሚ ኳርተርባክ ይሁን የሚለው፣ ሁለት ወር ሙሉ ሲያከራክር የከረመው ጥያቄ ግን አልተዘጋም፦ በ2008 ራይሊ ቋሚ ሆኖ ቢጀምርም በዓመቱ አጋማሽ ቦታውን ተነጥቆ ከሎንግሾር ጋር ሲፈራረቁ ከረሙ።