ቢንኸት ምንድን ነው?

ደቡብ ቱርክ ኑሳይቢን የሚኖር ኩርድ ሶሪያ ያለችው አክስቱ ጋ ሲሄድ ብዙ ጊዜ የአገሩን ስም አይጠራም። «ቢንኸት ልሄድ ነው» ይላል፤ ከመስመሩ በታች ማለቱ ነው። አክስቱ በበኩሏ የእሱን አገር «ሰርኸት» ትለዋለች፤ ከመስመሩ በላይ።

መስመሩ የባቡር ሐዲድ ነው። በርሊንን ከባግዳድ እንዲያገናኝ ተብሎ በኦቶማን ዘመን የተጀመረው። በ1921 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያኔ ሶሪያን የያዘችው ፈረንሳይና የቱርኮቹ የአንካራ መንግሥት ሲስማሙ፣ ከቾባንበይ ጣቢያ እስከ ኑሳይቢን ያለው ሐዲድ ድንበር ሆነ። ሐዲዱ ራሱ ለቱርክ ቀረ። በግራም በቀኝም ያው ሜዳ፣ ያው ሕዝብ ነው።

ኩርዶች ሰሬ ካኒዬ የሚሏት ከተማ መሀሏ ተሰነጠቀ። ከሐዲዱ ሰሜን ያለው ጄይላንፕናር ተብሎ ቱርክ ውስጥ ቀረ፣ ደቡቡ ደግሞ ራስ አል ዓይን ተብሎ ሶሪያ ውስጥ። ኑሳይቢን ግን ቱርክ ውስጥ ቀረችና ፈረንሳዮች በ1926 ፊት ለፊቷ ቃሚሽሊን ቆረቆሩ። ከቱርክ የሸሹ ኩርዶች፣ አርመኖችና ሶርያውያን ክርስቲያኖች ሞሏት። በነገራችን ላይ ኑሳይቢን ለእኛም ባዕድ አይደለችም። ያዕቆብ ዘንጽቢን የተባለባት ንጽቢን ይህችው ናት። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ውዳሴ ማርያምን የደረሰው ቅዱስ ኤፍሬምም የእሷ ልጅ ነው።

መጀመሪያ ላይ መስመሩን መሻገር ያን ያህል አይከብድም ነበር። ሰው ይጋባል፣ ከብት ይነዳል፣ ሻይና ትምባሆ ያሻግራል። ከ1956 ጀምሮ ግን ቱርክ ድንበሩን በፈንጂ አጠረችው። የተቀበረው ከ600 ሺህ በላይ ነው። የኮንትሮባንዱ ሥራ ግን አልቆመም፤ ብዙዎች እግራቸውን፣ ብዙዎችም ሕይወታቸውን እዚያ ሜዳ ላይ ጥለዋል።

እኔን ከፈንጂው በላይ የሚገርመኝ የወረቀቱ ነገር ነው። ኦክቶበር 5 ቀን 1962 ሶሪያ ቃሚሽሊ ባለችበት በሐሰካ ክፍለ ሀገር ብቻ የአንድ ቀን ቆጠራ አካሄደች። ከ1945 በፊት እዚያ መኖሩን በማስረጃ ያላሳየ «ከቱርክ ሾልኮ የገባ ነው» ተባለ። 120 ሺህ ያህል ኩርዶች በአንድ ጊዜ ዜግነታቸውን ተነጠቁ። ከአንድ እናት ልጆች አንዱ ሶሪያዊ፣ ሌላው «የውጭ አገር ሰው» ሆኖ የተመዘገበበት ቤት ነበር። ፓስፖርት የለም፣ ቤትና መሬት በስም ማዞር የለም። ይህ ዕጣ ለልጅ ልጅ ተላለፈ። በሽር አል አሳድ ዜግነቱን ለብዙዎቹ የመለሰው በ2011 ነው፤ ያውም ተቃውሞው አደባባይ ከወጣ በኋላ።

ለዒድ በዓል ቤተሰብ በሽቦው ግራና ቀኝ ቆሞ እየተጣራ ሰላምታ ይለዋወጥ፣ ስጦታም ይወራወር ነበር። በ2009 ሁለቱ አገሮች ቪዛ ሲያስቀሩ ነገሩ ቀለል አለ። ግን ብዙም አልቆየ፤ የሶሪያ ጦርነት መጣ።

በ2013 ኑሳይቢንና ቃሚሽሊ መካከል ግንብ መሠራት ሲጀምር የኑሳይቢን ከንቲባ የነበሩት አይሼ ጎካን ፈንጂ ወደተቀበረበት ሜዳ ገብተው ተቀመጡ፤ የረሃብ አድማም መቱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ቱርክ በሶሪያ ድንበር ላይ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የኮንክሪት ግንብ አቆመች።