ሞምባሳ ባሕር ብቻ ናት ያለው ማነው?

የአክስቴ ልጅ ሊያገባ ነው። ከሠርጉ በኋላ ሙሽራይቱን ይዞ ኬንያ፣ ሞምባሳ ሊሄድ ቆርጧል። ወሬው ቤተሰብ ውስጥ ከተሰማ ወዲህ ደብረ ብርሃን ላይ ሞምባሳን የማያውቅ ሰው ጠፋ። ቡና በተፈላ ቁጥር አንዱ አንድ ነገር ጣል ያደርጋል። ሄጄ አንድ ሳምንት የከረምኩት ግን እኔ ነኝ። እስቲ የሰማሁትን አንድ በአንድ ላርመው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ሞምባሳ ማለት አሸዋ ላይ መተኛት ነው»

ከተማዋ ራሷ ደሴት ናት። ሰው ፎቶ የሚነሣበት ነጭ አሸዋ ደግሞ ደሴቷ ላይ አይደለም። ኒያሊና ባምቡሪ በሰሜን፣ ዲያኒ በደቡብ፣ ሁሉም ከውኃው ማዶ ናቸው። እዚያ ሆቴል ይዞ አምስት ቀን ተኝቶ «ሞምባሳን አየሁ» የሚል ሰው ጫጫ ላይ ቁርስ በልቶ ደብረ ብርሃንን አየሁ እንደሚል ነው።

ባሕሩም ቢሆን ሁሌ አይጠብቅም። በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል። የመጀመሪያ ቀን ምሳዬን በልቼ፣ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ስወጣ ውኃው የለም። ጠዋት የዋኘሁበት ቦታ ድንጋይና የባሕር ሣር ሆኗል። ሰዓቱ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ የሆቴሉን ሰዎች መጠየቅ ነው። እኔ ግን አፍሬ ፎጣዬን መለስኩና ወደ ከተማ ወጣሁ። ጉዞዬ የጀመረው ያኔ ነው ብል ይሻላል።

«የድሮው ከተማ ውስጥ ያለው አንድ አሮጌ ምሽግ ብቻ ነው»

ፎርት ጂሰስ ይባላል። ፖርቱጋሎች በ1593 ከኮራል ድንጋይ መሥራት ጀመሩ። የኦማን ዓረቦች ከ1696 ጀምሮ ከበው በ1698 ወሰዱት። እንግሊዞች እስር ቤት አደረጉት። አሁን ሙዚየም ነው፤ ከ2011 ጀምሮ ዩኔስኮ መዝግቦታል። ፖርቱጋሎቹ ለእኛም ሩቅ አይደሉም። ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ ሞምባሳ የደረሰው በ1498 ነው፤ ልጁ ክሪስቶቮ ደግሞ በ1541 ወታደሮች ይዞ ወደ እኛ አገር መጥቶ፣ በማግስቱ ዓመት እዚሁ ሞቷል።

ከምሽጉ ጀርባ ያለው ሰፈር ግን ከምሽጉ ይበልጣል ባይ ነኝ። ጠባብ መንገድ፣ የተቀረጸ በር፣ ከላይ የእንጨት ሰገነት። ማታ ማታ ቡና ሻጮች የናስ ማንቆርቆሪያቸውን ከሰል ላይ ጥደው ይቀመጣሉ። ቡናው ዝንጅብል አለበት፣ ስኳር የለውም፣ እጀታ በሌላት ትንሽ ስኒ ይቀዳል። ቡናችን ይበልጣል ብዬ ለመናገር ሦስት ስኒ ጠጣሁ። ይበልጣል። ግን አራተኛም ጠጣሁ።

«እኛን ከሞምባሳ ጋር ምን ያገናኘናል?»

ይህን ያሉኝ አጎቴ ናቸው። የአንኮበር ሰው ስለሆኑ መልሱ ደስ አላቸው።

በ1839 ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ሸዋ ገባ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ላይ ሦስት ዓመት ያህል ኖረ። በ1842 ወጣ፤ ልመለስ ሲል ግን መንገዱ ተዘጋበት። ሸዋ እንቢ ስትለው በባሕር ዞሮ በ1844 ሞምባሳ ደረሰ። በደረሰ በጥቂት ወራት ውስጥ ሚስቱ ሮዚን በወባ ሞተች፤ አዲስ የተወለደች ልጃቸውም ተከተለቻት። መቃብራቸው ከደሴቷ ማዶ፣ ኒያሊ በኩል ነው። እሱ ግን ያኔ ወደ አገሩ አልተመለሰም። ከከተማው ወጣ ብላ ያለች ራባይ የምትባል ቦታ ላይ ተቀመጠ፣ የስዋሂሊን ሰዋስው ጽፎ በ1850 አሳተመ። ራባይ ዛሬ ትንሽ ሙዚየም አላት። ከአንኮበር የመጣ እንግዳ ሄዶ ቢያያት አይቆጨውም።

ቋንቋውም ቢሆን ሙሉ ለሙሉ ባዕድ አይደለም። ሰባትን «ሳባ»፣ ዘጠኝን «ቲሳ» ይላሉ። ቄስ ትምህርት ቤት ተስዓቱን የቆጠረ ሰው ፈገግ ይላል። ስኳር «ሱካሪ»፣ ሰዓት «ሳአ» ነው። «ኤልፉ» ግን እንደኛ እልፍ አሥር ሺህ አይደለም፤ አንድ ሺህ ነው። ገበያ ላይ ልዩነቱ ቀላል አይደለም!

«ውጭ አገር ስትሄድ ሰዓቱ ያደናግርሃል»

እዚህ ላይ ሳቄ መጣ። ስዋሂሊ ሲናገሩ እንደኛው ነው የሚቆጥሩት። ጠዋት አንድ ሰዓት ማለት አንድ ሰዓት ነው። ቀትር ስድስት ሰዓት ነው። የሚያደናግረው እንግሊዝኛ ሲናገሩ ነው፤ ያኔ የጠዋቱን አንድ ሰዓት ሰባት ይሉታል። የባቡር ትኬትም በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚጻፈው። ባቡሩ በ2017 ሥራ የጀመረው የናይሮቢው መስመር ነው። ፓርክ ውስጥ ስለሚያልፍ እድል የቀናው በመስኮት ዝሆን ያያል።

«በጾም የሚበላ አይገኝም፤ ሁሉ ዓሣ ነው»

አክስቴ የሚያሳስባቸው ይሄ ነው። አይስጉ። «ምባዚ» የሚባል እንደ አተር ያለ ጥራጥሬ በኮኮናት ወተት ይሠራሉ፤ ቁርስ ላይ «ማሐምሪ» ከሚሉት ከእኛ ቦምቦሊኖ ጋር ከሚመሳሰል ነገር ጋር ይበላል። ሊጡ ውስጥ የላም ወተት የሚጨምሩ ስላሉ «ቢላ ማዚዋ» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ያለ ወተት ማለት ነው። ቃሏን ይዞ የሄደ ጿሚ አይቸገርም።

«ሲሚንቶ የተቆፈረበት መሬት ለዘላለም ሞተ»

ይሄ ስለ ሞምባሳ የተባለ አይደለም። ለሚ ላይ ስለሚቆፈረው ስናወራ የተነሣ ነው። መልሱ ግን እዚያ አለ። ባምቡሪ ላይ ሲሚንቶ ፋብሪካው ኮራሉን ቆፍሮ ሲጨርስ ባዶ ድንጋይ ቀረ። በ1971 ገደማ ሬኔ ሃለር የሚባል የግብርና ባለሙያ ዛፍ መሞከር ጀመረ። ከሞከራቸው ውስጥ ሸውሸዌ ጸደቀ። ቅጠሉ ረገፈ፣ ግን አልበሰብስ አለ። ሰውየው ቅጠሉን የሚበላ ብዙ እግር ያለው ትል አምጥቶ ለቀቀበት። የትሉ ፋንድያ አፈር ሆነ። ዛሬ ሃለር ፓርክ ደን ነው፤ ቀጭኔ አለው፣ ጉማሬ አለው። በ2004ቱ ሱናሚ ማግስት ብቻውን የቀረ የጉማሬ ግልገል ከሽማግሌ ኤሊ ጋር ተላምዶ ዓለም ጉድ ያለው እዚሁ ነው። እኔ ከባሕሩ ይልቅ እዚህ ብዙ ቆየሁ።

ባጭሩ የማልፋቸው አሉ። ዋናው መንገድ ላይ የተጋጠሙት ትልልቅ ጥርሶች የዝሆን አይደሉም፣ አሉሚኒየም ናቸው። «ሸዋ ሮቢትን የቻለ ሞምባሳን ይችላል» የሚሉም አሉ። የሞምባሳ ሙቀት ግን እርጥብ ነው፤ ሸሚዝ ገላ ላይ ይጣበቃል። ወባም አለ፤ ደጋ ያደገ ሰው ከመሄዱ በፊት ሐኪም ያማክር።

የመጨረሻው የሙሽራው የራሱ ስህተት ነው። «እኛ ጋ ክረምት ሳይገባ ልሂድ» ይላል። ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ቀዝቀዝ የሚልበት ጥሩ ጊዜ ነው። ጥርም ይሞቃል እንጂ ደረቅ ነው። ትልቁ ዝናብ የሚወርደው በሚያዝያና በግንቦት ነው። ሠርጉ ደግሞ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል፤ ድንኳኑ ተከራይቷል፤ ጠላው ሊጠመቅ ነው። ይሄን ስነግረው ዝም አለና «ጃንጥላ አለህ?» አለኝ።