የለመድነው ዘዴ አጭሩን መንገድ ሲሸፍን

በደሴው የጥናት ቡድናችን «የአስተሳሰብ ልማድ ማለት የችሎታ ማነስ ነው?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚነሳ ላብራራው። አይደለም። ቀድሞ የሠራልን ዘዴ ቀላሉን መፍትሔ እንዳናይ ሲያደርገን ነው እንዲህ የሚባለው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው አብርሃም ሉቺንስ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው ጥናት ይህን በውኃ መለካት አሳይቷል። በእኛ መለኪያ ልንገራችሁ፦ 21፣ 127 እና 3 ጣሳ የሚይዙ ዕቃዎች አሉ፤ 100 ጣሳ ይፈለጋል። ከ127ቱ ላይ 21ን አንዴ፣ 3ን ሁለቴ መቀነስ ነው። በዚሁ ዘዴ የሚፈቱ ጥያቄዎች ከተከታተሉ በኋላ 23፣ 49 እና 3 ይመጣል፤ የሚፈለገው 20 ነው። አብዛኞቹ የጥናቱ ተሳታፊዎች ያንኑ ረጅም ስሌት ደገሙት። ከ23 ላይ 3 መቀነስ ይበቃ ነበር! (የባቲ ገበያ ቅቤ ነጋዴ ብትሰማ ሳትስቅ አትቀርም።)

ልማዱ መኖሩ በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። የሚይዘን መጠን ግን እንደ ሰውና እንደ ሁኔታው ይለያያል፤ ጥድፊያ ያባብሰዋል። ሉቺንስ አንዳንዶቹን ወረቀታቸው ላይ «አትታወር» ብለው እንዲጽፉ ሲያደርግ አጭሩን መንገድ ያገኙት በዙ፤ ያላገኙትም ግን ነበሩ።