«ማንም ይግባ» እና «ማንም አይግባ»፦ በእንግሊዝኛ ፈቃድ ስንሰጥ የሚያሳስቱን አመለካከቶች

በቅርቡ አንድ ቢሮ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት አነበብኩ። ከላይ በአማርኛ «ያለ ፈቃድ ማንም መግባት አይችልም» ይላል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ኤኒዋን ካንት ኤንተር ዊዝአውት ፐርሚሽን» ተብሎ ተጽፏል። የጻፈው ሰው አንድ ፊደል አልሳተም። እያንዳንዱ ቃል መዝገበ ቃላት ላይ አለ። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ አይልም።

እንግሊዝኛ ሳስተምር ይህን ስህተት ሳላይ የማልፈው ሳምንት የለም። ጉዳዩ የስንፍና አይደለም። ከልጅነታችን ጀምሮ እውነት መስለው የተቀመጡ ጥቂት አመለካከቶች ናቸው የሚያሳስቱን።

«ማንም ማለት ኤኒዋን ነው»

ዋናው ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት። «ማንም መግባት ይችላል»፣ «ማንም መግባት አይችልም»። ሁለቱም ላይ «ማንም» ያው ነው። ፈቃዱን ወደ ክልከላ የቀየረው ግሱ ነው፤ «ይችላል» «አይችልም» ሆነ።

እንግሊዝኛ ሥራውን ለተውላጠ ስሙ ይሰጣል። ፈቃድ ሲሆን «ኤኒዋን ካን ኤንተር»፣ ክልከላ ሲሆን «ኖ ዋን ካን ኤንተር»። ግሱን እዩት፤ «ካን» ንቅንቅ አላለም። ክልከላው ያለው «ኖ» ላይ ነው።

ታዲያ ኤኒዋን ከአሉታ ጋር አይሄድም ማለት ነው? ይሄዳል፤ ግን አሉታው ሲቀድመው ነው። «ዘ ጋርድ ዳዝንት ሌት ኤኒዋን ኢን»፣ ጥበቃው ማንንም አያስገባም። «ዳዝንት» ቀደመ፣ «ኤኒዋን» ተከተለ። ዓረፍተ ነገሩን በኤኒዋን ጀምረን አሉታውን ከኋላ ስናመጣ ነው የሚበላሸው።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ተማሪዎች ደግሞ «ኖ ዋን ካንት ኤንተር» ይላሉ። የአማርኛው «አይችልም» አልለቃቸው ብሎ ነው። በመደበኛው እንግሊዝኛ ሁለቱ አሉታዎች ይጠፋፋሉ። ትርጉሙ «መግባት የማይችል ሰው የለም» ይሆናል። ሊከለክል የተለጠፈው ወረቀት መንገደኛውን ሁሉ ግባ አለ ማለት ነው።

«ፈቃድ በሜይ ብቻ ነው፣ ካን ስህተት ነው»

ትምህርት ቤት እጃችንን አውጥተን «ሜይ አይ ጎ አውት፣ ቲቸር» ስንል ነው ያደግነው። «ካን» ያለ ልጅ ይታረም ነበር። ምክንያቱም ካን የችሎታ ነው፣ ሜይ የፈቃድ ነው ተብሏል።

የቃላቱ ታሪክ ሌላ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሜይ» ራሱ «አቅም አለው» ማለት ነበር። «ካን» ደግሞ «ያውቃል» ማለት ነበር። ሁለቱም ከዚያ ተነስተው ነው ፈቃድ ላይ የደረሱት። ለነገሩ እኛስ በር አንኳኩተን «መግባት ይቻላል?» ስንል ስለ ጉልበታችን ነው እንዴ የምንጠይቀው? ልዩነታቸው የወግ ነው። ፈተና ክፍል ውስጥ ወይም ደንብ ላይ «ኖ ዋን ሜይ ሊቭ ዘ ሩም» ይባላል። ቤት ውስጥና ከጓደኛ ጋር ካን ይበቃል።

«ሜይ ካለ ፈቃድ አለ ማለት ነው»

ሆቴል የምትሠራ አንዲት ተማሪዬ የደረሰባትን ነገረችኝ። እንግዳውን «ሰው ገብቶ ክፍልዎን ቢያጸዳ ይፈቅዳሉ?» ልትል ፈልጋ «ሰምዋን ሜይ ካም ኢን» አለችው። እንግዳው ደንገጥ ብሎ «ማን?» አለ። የሰማው «አንድ ሰው ሊገባ ይችላል» የሚለውን ነው።

«ኤኒዋን ሜይ ካም ኢን» ቢሆን ፈቃድ ነው። «ሰምዋን ሜይ ካም ኢን» ግን አብዛኛውን ጊዜ ግምት ነው። ግሱ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት። አማርኛ ይህንን በግሱ ቅርጽ ይለየዋል፦ «መግባት ይችላል» እና «ሊገባ ይችላል»። ውብ ልዩነት ነው፤ ብዙዎቻችን አስተውለነው አናውቅም። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ቅርጽ ስለሌለው የተውላጠ ስሙ ምርጫ ይወስናል። ተማሪዬ «ካን ሰምዋን ካም ኢን ኤንድ ክሊን ዘ ሩም?» ብትል ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር።

«ሌት እና አላው አንድ ናቸው»

በትርጉም ይቀራረባሉ፣ በአጠቃቀም አይደለም። «ሌት ኤቭሪዋን ጎ»፤ «ቱ» የለም። «አላው ኤቭሪዋን ቱ ጎ»፤ «ቱ» አለ። «እንዲሄድ» ውስጥ ያለው «እንዲ» ነው ሌት ላይም ቱ እንድንጨምር የሚገፋን። «ተፈቀደ» ማለት ስንፈልግ ደግሞ ሌትን ትተን አላውን እንይዛለን፦ «ኤቭሪዋን ኢዝ አላውድ ቱ ጎ»።

«ኤቭሪዋን ብዙ ሰው ስለሆነ አር ነው የሚከተለው»

አይደለም፣ «ኢዝ» ነው። «ሁሉም ሰው ተፈቅዶለታል» እንላለን እንጂ «ተፈቅዶላቸዋል» አንልም አይደል? ያው ነው። ቀጥሎ ግን «ዘይ» ይመጣል፦ «ኢፍ ኤኒዋን ዎንትስ ቱ ሊቭ፣ ዘይ ካን»። «ዎንትስ» ነጠላ ሆኖ «ዘይ» መከተሉ የዘመኑ ፈሊጥ የሚመስላቸው አሉ። ለነጠላ ሰው «ዘይ» ማለት ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው።

«ያለፈ ፈቃድ ሁሌም ኩድ ነው»

ድሮ ማንም ይገባ ነበር ለማለት «ኤኒዋን ኩድ ጎ ኢን» ልክ ነው። ትናንት አንድ ቀን ብቻ ሁሉም ቀደም ብሎ እንዲወጣ ከተፈቀደ ግን «ኤቭሪዋን ዎዝ አላውድ ቱ ሊቭ ኧርሊ» እንላለን። እዚህ ላይ ኩድ አይገባም።

ወደ በሩ ወረቀት ልመለስ። ትክክለኛው «ኖ ዋን ሜይ ኤንተር ዊዝአውት ፐርሚሽን» ነው። ኤኒዋን ወጥቶ ኖ ዋን ገባ፣ ካንት ወጥቶ ሜይ ገባ። ሌላው እንዳለ ነው።