አናሎግ ያልሆነው «አናሎግ ራይት»

አዳማ ውስጥ አርዱዊኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) የሚነካኩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። «አናሎግ ራይት ላይ 127 ጻፍኩ። ፒኑ 2.5 ቮልት ይሰጠኛል ማለት ነው?» አይሰጥም። «አናሎግ ራይት» ከ0 እስከ 255 ቁጥር ሰጥተን ፒኑን (የቦርዱን መውጫ እግር) የምናዝዝበት ትእዛዝ ነው፤ «አናሎግ» የሚለው ስሙ መሃል ያለ ቮልት የሚሰጥ አስመስሎ ነው ያሳሳተን።

የአርዱዊኖ ኡኖ ፒን ሲያወጣ የሚያውቀው 0 ወይም 5 ቮልት ብቻ ነው። መሃል የለውም። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ይበራል፣ ይጠፋል፤ በሰከንድ 490 ጊዜ ያህል፣ ፒን 5 እና 6 ላይ ደግሞ 980። 127 ስትሉት የእያንዳንዱን ዙር ግማሽ ይበራል፤ 64 ካላችሁት ሩቡን። 255 ሳያቋርጥ መብራት ነው። ይህ የበራበት ድርሻ ዲውቲ ሳይክል ይባላል፣ ዘዴው ፒደብሊውኤም (PWM)።

ኤልኢዲ (ትንሿ አምፖል) የሚደበዝዝ የሚመስለን ዓይናችን ብልጭታውን ስለማይከተል ነው። በአዳማ ሙቀት የምንናፍቃት ትንሽ ቬንቲሌተርም ሞተሯ ለመቆም ጊዜ ስለማያገኝ ዝግ ብላ ትዞራለች። (ሞተር ግን በቀጥታ ፒኑ ላይ እንዳትሰኩ፣ ቦርዱን ታቃጥላላችሁ። መሃል ትራንዚስተር፣ ማለትም በፒኑ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ይግባ።)

«መልቲሜትሬ እኮ 2.5 ይላል» ያለኝም አለ። ልክ ነው፤ መልቲሜትሩ የሚያሳየው አማካዩን ነው። ኦሲሎስኮፕ (የቮልቱን መውጣትና መውረድ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ያገኘ ሰው ግን መብራት መጥፋቱን ጥርስ ጥርስ ሆኖ ያየዋል።